ለእናቱ ያሠራው ሳጥን

በሥራዬ ምክንያት ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ። ምስጥ የበላው ኮርኒስ ሳወርድ የሞተ አይጥ አናቴ ላይ ወድቆብኛል። ፍሳሽ የገባበት ምድር ቤት ውስጥ ተንበርክኬ መደርደሪያ ገጥሜአለሁ። በዚህ ሁሉ አንድም ቀን ምሳዬን ትቼ አላውቅም። ምሳዬን ያስተወኝ ሱሉልታ ያየሁት ሰው ነው። ሰው ስል ደግሞ የቆሸሸውን ማለቴ አይደለም፤ ንጹሑን፣ ሽቶ የተቀባውን፣ ሸሚዙ የተተኮሰውን ነው።

ሰናይት እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ ብረት በያጅና በአንድ ብሎኬት አምራች መሐል ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። ደንበኛ መጥቶ "ባለቤቱ የለም?" ሲለኝ "ባለቤቷ እኔ ነኝ" ብዬ መላጌን እቀጥላለሁ። ያን ጊዜ የማገኘው ሥራ አብዛኛው የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ነበር። የተጨመቀ ሰሌዳ በማሽን ይቆረጣል፣ በብሎን ይታሰራል፣ ጠርዙ ላይ ፕላስቲክ ይለጠፋል፣ አለቀ። እንጀራዬ ነውና አላማርርም። የምወደው ግን ሌላ ነበር፤ ከደህና እንጨት ያለ ምስማር የሚሠራ የልብስ ሳጥን።

ለማታውቁት ላስረዳ። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጎን ፍሬም ይሠራል። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ይጠረባል፣ በሌላው ላይ ምላሱን የሚውጥ ቀዳዳ በመሮ ይፈለፈላል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ተያዙ ማለት ነው። ከዚያ በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል፣ መሐሉን የሚሸፍነው ሰፊ ሰሌዳ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ሰሌዳውን ኮላ አይነካውም። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መላወሻ ካልተተወለት ይሰነጠቃል። ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ የሚያሠራው ሰው ጥቂት ነው።

አንድ እንዲህ ያለ ሳጥን ሠርቼ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፌው ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው ደወለልኝ። ደረጀ ነኝ አለ፤ ሱሉልታ ነው የምኖረው።

"ለእናቴ ስጦታ ነው የምፈልገው። እንደ ፎቶው ዓይነት" አለኝ።

ልቤ ሞቀ። ለእናቱ ሳጥን የሚያሠራ ወንድ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

"እንጨቱ እኔ ጋ አለ፤ ወፍራም የድሮ ዝግባ። እዚህ መጥተሽ ሥሪው፣ ቅዳሜ ማለቅ አለበት" አለ፤ ቀጥሎም ልኩን ነገረኝ። ትንሽ ሆነብኝ።

"ለሙሉ ልብስ ይጠባል። ጋቢ ብቻ ይሞላዋል" አልኩት።

"ይበቃታል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚቀመጥበት አይኖርም።"

ረቡዕ ጠዋት መሣሪያዬን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ፣ የእጅ ማሽኖቼን በካርቶን አሽጌ፣ በሚኒባስ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም በእንጦጦ ዳገት አድርጌ ሱሉልታ ገባሁ። ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ሯጮች በመንገዱ ዳር በቡድን ይወርዳሉ። ደረጀ መኪና ይዞ ጠበቀኝ፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ መልኩ ያማረ፣ ንግግሩ ለስላሳ። መንገድ ላይ ሥራውን ነገረኝ፤ ቤት ያሻሽጣል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ስለ ቤተሰብና ስለ ምርቃት የሚናገርበት ብዙ ሰው የሚከታተለው ገጽ አለው።

ግቢው በረጅም ቆርቆሮ የታጠረ ነው። ከፊት አዲስ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቆሟል። ከጎኑ አንድ የጭቃ ቤት ጣሪያው ተነስቶ ግማሽ ግድግዳው ፈርሷል። ከጓሮ ረጅም የዶሮ ቤት አለ፤ ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላል። እንጨቱ ከፈረሰው ቤት ጎን ተከምሯል፤ አንድ ትልቅ በር ከነመቃኑ፣ ጥቂት ወፋፍራም ሳንቃዎች። በመጥረቢያ የተጠረቡ፣ በጭስ የጠቆሩ ናቸው። አንዱን ጥግ በመላጊያ ገፋ ሳደርገው ከጥቁረቱ ሥር እንደ ማር ያለ ቀለም ብቅ አለ። ደስ አለኝ።

የደረጀ ሚስት ሜሮን ትባላለች። እጇን በሻሽዋ ጠቅልላ ጨበጠችኝ።

"ሳጥኑ ሽታ የማያስወጣ ይሁን እሺ? ግጥም ያለ" አለችኝ።

የብል መከላከያ ኳስ ልትጨምርበት መስሎኝ "እሺ" አልኳት።

ወደ ቀትር ምሳ አመጣችልኝ፤ ጥሩ ቀይ ወጥ ነው። እጄን ታጥቤ ስቀመጥ፣ በሌላ እጇ ፍርፋሪና የተረፈ ወጥ ያለበት ሳህን ይዛ፣ በሻሽዋ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ ዶሮ ቤቱ ስትሄድ አየኋት። ለውሻ ይሆናል አልኩ። ሳህኑን በመስኮቱ በኩል አስገብታ ቶሎ ተመለሰች። ወዲያው ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ የሰው ሳል።

"ሰው አለ እንዴ እዚያ?" አልኳት።

"የደረጀ እናት ናቸው። ለጊዜው ነው፤ ትንሽም መርሳት ጀምሯቸዋል። ቤት ውስጥ ሲሆኑ ያው... ልጆች አሉ፣ እንግዳ ይመጣል" አለችና ቆሻሻ እንዳየ ሰው ፊቷን ጨምደድ አደረገች።

ለጉርሻ ያነሳሁትን መልሼ አስቀመጥኩት።

እሷ ወደ ቤት ስትገባ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄድኩ። ግማሹ ላይ ዶሮዎች አሉ፤ ግማሹ በሽቦ ተከፍሎ የመኖ ጆንያ ተደርድሮበታል። ጆንያዎቹ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ምንጣፉ ላይ አሮጊት ሴት ተቀምጠዋል። ላባ ጋቢያቸው ላይ ተጣብቋል። የዶሮ ኩስ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ከሱ ሥር ሌላ ሽታ አለ፣ የሚመግል ቁስል ሽታ። አፌን ይዤ ወጣሁና ትንሽ አየር ስቤ ተመለስኩ።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ" አልኳቸው፤ በኦሮምኛ እንደምን አሉ እናቴ ማለቴ ነው። ቡራዩ ያደገ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል።

"ነጋ" አሉኝ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለሱት፤ እንግዳ መሆኔን አይተው ነው መሰለኝ። "እንጨት የምትልጊው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ሽታው መጣልኝ። የቤቴ በር ነው። ባለቤቴና ወንድሙ ከጫካ አውጥተው ጠርበው ነው የሠሩት፤ እኔ ሙሽራ ሆኜ በሱ ነው የገባሁት። ምን እየሆነ ነው?"

"ሳጥን፣ ለአንቱ" አልኳቸው።

"እህ፣ እሱ ነው" አሉ። አልገረማቸውም። "ሰበታ አንዲት ሴትዮ ጋ ቤት ተይዞልሻል፣ ቅዳሜ ትሄጃለሽ ብሎኛል። ሴትዮዋ እንደኔ ያሉትን ትጠብቃለች። ዕቃሽ በአንድ ሳጥን ይግባ አለች አሉ። ከሳጥኑ የተረፈ ይቀራል።"

ልኩ ለምን እንዲያ እንዳነሰ ያኔ ገባኝ። የሚያቅለሸልሸኝ ሽታው መሆኑ ቀረ።

አዴ ጌጤ ይባላሉ። ምንም አልረሱም። የመንደሩን ሰው በስም ይጠራሉ፣ የበሩ እንጨት ከየትኛው ገደል እንደመጣ ይናገራሉ። ቤትሽን አፍርሰን አሳምረን እንሠራልሻለን ተብለው ነው ከቤታቸው የወጡት፤ ዶሮ ቤቱ ጋ ለጥቂት ቀን ነው ተብለው ክረምቱ አለፈ። እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል ያሰሩት በጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ሥጋው ላይ ደርቋል።

"ሥራውን ትቼ ልሂድ?" አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር።

"ለምን? ሌላ ይመጣና በምስማር ይደበድበዋል። በሬን አንቺ ሥሪው። ብቻ ቁልፉን ለኔ ነው የምትሰጪው።"

ያን ቀን ቡራዩ ስመለስ ራት ቀረበልኝ፤ አልዋጥልሽ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ፋሻ፣ የቁስል ማጠቢያ መድኃኒትና ሳሙና ገዝቼ ሄድኩ። ሜሮንን ሙቅ ውሃ ጠየቅኋት።

"ለምንሽ?"

"አዴን ላጥባቸው።"

"ተይ፣ ሞክረናል፤ ሠራተኛዋም ተጸይፋ ጥላን ሄዳለች። እኔ ደግሞ ሆዴ አይችልም፣ ያስታውከኛል። አንቺ ሳጥንሽን ሥሪ፣ ምን አገባሽ?"

በፍላጭና በመላጊያ ገለባ እሳት አንድጄ ግቢው መሐል ውሃ አሞቅሁ። አዴ ጌጤን ደግፌ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ያለበት ጋ አስቀመጥኳቸው። ጨርቁን በሙቅ ውሃ እያራስኩ ቀስ በቀስ አላቀቅሁት። ከሥሩ የነበረውን አልነግራችሁም። ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ ተፋሁ። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያጽናኑት፤ "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይበቃል፣ ተይው፣ እጅሽ ይቆሽሻል" ይላሉ። ጸጉራቸውን አጠብኩ፣ ጀርባቸውን አጠብኩ። ጀርባቸው ላይ የመኖ ጆንያው ሽመና ታትሟል።

ሜሮን ከፎቅ ሆና ታይ ነበር። ቁስሉን ሳጥብ መጋረጃውን ዘጋች።

ወደ ማታ አካባቢ ደረጀ መጣ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቱን ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው አያቸው። ይቆጣል ብዬ መሮዬን ይዤ ተነሳሁ። እሱ ግን ፊቱ በራ።

"ሰኒ፣ ተባረኪ። ምን ያህል ነው የገላገልሽን" አለኝ። "የቅዳሜው ቪዲዮ እንዴት እንደሚሆን ጨንቆኝ ነበር። ሜሮን እንዴት አድርጌ ነው ሳሎን የማስገባቸው ስትል ነበር። አሁን ጥሩ ናት።"

"የምን ቪዲዮ?"

"ሳጥኑን ስሰጣት። የእናት ነገር ሰው ይወዳል። አንቺንም እናስገባሻለን፣ ሥራሽ ይተዋወቃል።"

እናቱን ከሩቅ "እማዬ ደህና ነሽ?" አላቸው። አልቀረበም። ስልኩን እያየ ገባ።

ያጠብኳቸው ለሱ ካሜራ ሆነ። ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ በሕይወቴ እንደዚያ የተጸየፍኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ያን ሁሉ መግል በእጄ ይዤ ያልመጣብኝ ትውከት እዚያው መላጊያዬ ሥር መጣ።

ወደ ሚኒባሱ ስሄድ ጉሮሮዬን ላርጥብ ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁን ሐጂ ከድር ይሏቸዋል፤ ለዓመታት እዚያው የነገዱ ሽማግሌ ናቸው። ውሃ ሲሰጡኝ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

"ከአዴ ጌጤ ግቢ" አልኳቸው።

"አዴ ጌጤ ተሽሏቸዋል እንዴ? ለሕክምና አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ናቸው ብሎናል ልጃቸው። ዕድርተኛው ሊጠይቃቸው አድራሻ ቢለው ሰው አይፈቀድም አለን።"

"ዶሮ ቤት ውስጥ ናቸው።"

ሐጂ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ቅዳሜ ሰበታ እንደሚወሰዱም ጭምር። እንደጨረስኩ ስልካቸውን አንስተው ደወሉና በኦሮምኛ ጥቂት ተናገሩ። ከወዲያ ያለው ሰው አጭር መልስ ሰጥቶ ዘጋው።

"ኦቦ ቱፋ ነው፤ የባላቸው ወንድም" አሉኝ። "ጫንጮ አካባቢ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ገበያ በሬ አለው። ከገበያ መልስ እመጣለሁ ብሏል።"

"ከዚያ በፊት ደረጀ ይዟቸው ከሄደስ?"

"አንቺ እጅ ላይ አይደል ሥራው? አታፍጥኚው።"

ዓርብ ሥራዬን እየሠራሁ ሐሳቤ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ነበር። ፍሬሞቹን ገጠምኩ፣ ሰሌዳዎቹን ቦያቸው ውስጥ አስገባሁ። ክዳኑን ለቅዳሜ አቆየሁት። ደረጀ ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጣ "ይደርሳል?" ይለኛል፤ "ኮላው ካልደረቀ ይላቀቃል" እለዋለሁ። አዴ ጌጤ ከበር ሆነው ያያሉ። አንዴ አስጠግቼ አስነካኋቸው። በመዳፋቸው ሰሌዳውን ዳበሱትና "ውስጡ እንዲህ ነበር ለካ" አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁረቱን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደረጀ መታገሥ አቃተው። ካሜራ የሚይዝ ጓደኛው መጥቷል። አዴ ጌጤን ሰበታ የሚወስደው መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል።

"ክዳኑን ግጠሚውና ይበቃል፤ ቀለሙ ኋላ ይደርሳል" አለኝ።

ማጠፊያውን በዝግታ አሰርኩ። ብሎን አስገብቼ እፈታለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሌላ የምፈታው ብሎን ሲጠፋ ሳጥኑን አንስተው ወሰዱት።

ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ነጭ ምንጣፍ፣ ትልቅ ሶፋ። ሜሮን ለአዴ ጌጤ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ አልብሳቸዋለች። አንገቱ ላይ የሱቁ ምልክት ተንጠልጥሏል፤ ወደ ውስጥ ሸጎጠችው።

"እንዳይበጠስ፤ ይመለሳል" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሶፋው ላይ ፎጣ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው። ፊታቸው ላይ ሽቶ ረጨች፤ አዴ ጌጤ አስነጠሳቸው። ዙሪያውን ያዩ ነበር። በገዛ ግቢያቸው የተሠራውን ይህን ሳሎን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

ካሜራው ተከፈተ። ደረጀ ሳጥኑን በፊታቸው አስቀምጦ ተንበረከከ። ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ረጠበ።

"እናቴ፣ አንቺ በጀርባሽ አዝለሽ አሳድገሽኛል። ዛሬ እኔ ያንቺን ዕቃ በዚህ ልሸከምልሽ" አለና ጉልበታቸውን አቅፎ ሳመ። ግንባሩን እዚያው አድርጎ ቆየ። ትከሻው ይርገበገባል።

አዴ ጌጤ እጃቸውን አነሱ። ጸጉሩ ላይ ሊያሳርፉት ነው ስል እሱ ቀና ብሎ ጓደኛውን "እንባው ታየ?" አለው።

"ጎንህ ነው የያዘኝ። ድገመው።"

ደገመው። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል። በዚያው ቦታ ላይ ትከሻው ተርገበገበ። ይህን ያየሁበትን ዓይኔን በሳሙና ባጥበው ደስ ይለኝ ነበር።

"አሁን መርቂኝ እማዬ። ተባረክ ልጄ በይ።"

አዴ ጌጤ ሳጥኑን አዩ። ከዚያ ካሜራውን ሳይሆን እኔን አዩ።

"ምንጣፌ ዶሮዎቹ ጋ ነው" አሉ። "ማን ያምጣልኝ? ሳጥኑ ውስጥ ላድርገው።"

"ቆርጠን እናወጣዋለን" አለ ጓደኛው። "እማዬ፣ ተባረክ ብቻ በይ" አለ ደረጀ፤ የረጠበው ድምፅ ደርቋል።

"ምንጣፌ" አሉ እንደገና። "ዶሮ ቤት ያለው።"

"ይኸው፣ አልኳችሁ እኮ" አለች ሜሮን። "ረስተዋል።"

ደረጀ ወደኔ ዞረ። "አንቺ ተናገሪ። ይህን ሥራ ስትሠሪ ምን ተሰማሽ?"

"እየሠራሁ ያስመለሰኝ የመጀመሪያ ሥራ ነው" አልኩት።

ያን ጊዜ ነው የውጪው በር የተንኳኳው። ዘበኛ የለም፤ እኔ ሮጬ ከፈትኩ። አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ቦት ጫማቸው የገበያ ጭቃ ነው። ከኋላቸው ሐጂ ከድርና ሌሎች የዕድር ሰዎች። ሰላምታ ሰጥቻቸው ወዴት እንደሆነ በእጄ አሳየኋቸው። ወደ ሳሎኑ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ኦቦ ቱፋ ግን በቀጥታ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዱ። አንገታቸውን አስገብተው አዩ። ቆይተው ወጡ። በእጃቸው ምንጣፉን ይዘዋል።

ሳሎን ሲገቡ ሜሮን "ጫማውን፣ አባባ..." አለች። ነጩ ምንጣፍ ላይ ሄደው ያንን የተጣበቀ፣ ላባ የወረሰው ምንጣፍ ደረጀ እግር ሥር አነጠፉት።

"ኩን ማሊ?" አሉት። ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

ደረጀ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ኦቦ ቱፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

"ተቀመጥበት" አሉት።

"አባባ፣ ነገሩን ላስረዳዎት፣ ለጊዜው እኮ..."

"እሷ ክረምቱን ተኝታበታለች። አንተ እኛ እስክንነጋገር ተቀመጥበት።"

አልተቀመጠም። ዓይኑ ምንጣፉን አይቶ ፊቱ ተጨማደደ፤ ሳያስበው ነው፤ የሜሮን ዓይነት መጨማደድ። የዕድሩ ሰዎች ሁሉ ያንን ፊት አዩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም።

ኦቦ ቱፋ ወደ አዴ ጌጤ ዞሩ። "ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ሰበታ አልሄድም። እዚህም አልተኛም። የሚጸየፈኝ ሰው ቤት አልኖርም" አሉ። "ከናንተ ጋ ውሰዱኝ።"

ሳጥኑን ወደ ግቢ አውጥተን ዕቃቸውን አስገባን። የነበራቸው ጋቢ፣ ሁለት ቀሚስ፣ የባላቸው ቆብና አንድ የሸክላ ገንቦ ነው። አልሞላውም። አዲሱን ቀሚስ አውልቀው ለሜሮን መለሱ። ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ በመቀነታቸው ቋጠሩት። ኦቦ ቱፋ ባስመጡት መኪና ወደ ጫንጮ ሄዱ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ደረጀ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሜሮን ምንጣፉን በእንጨት ገፍታ እያስወጣች ነው።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ እኔም መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ቪዲዮው ነው። ዜማ ተደርጎበታል። ሳጥኑ፣ ቀሚሱ፣ እንባው፣ የጉልበቱ መሳም፤ አዴ ጌጤ እጃቸውን ሲያነሱ ይቆማል። ከሥሩ ሰው የጻፈውን ማንበብ አቃተኝ፤ የተባረከ፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጠን፣ እያየሁ እንባዬ መጣ የሚል። ስልኬ መጮህ ጀመረ። "ያንን ሳጥን የሠራሽው አንቺ ነሽ? ለኔም ሥሪልኝ፣ ለእናቴ ነው፣ ስሰጣት ትቀርጺኛለሽ?" የሥራዬ ስም የወጣው በዚያ ቪዲዮ ነው። ይህን ስናገር እስካሁን አፌ ይመረኛል።

እውነቱን ተናገሪ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቪዲዮው ሥር ጻፍኩ። "ቅናት ነው" ተብሎ ታለፈ። ስለዚህ ሌላ ነገር ወሰንኩ። ከዚያ ወዲህ ሳጥን ሥሪልኝ የሚለኝን ሰው፣ ሳጥኑ የሚሆንለትን ሰው በአካል ካላገኘሁ አልጀምርም። ሄጄ አያለሁ፤ የት እንደሚተኛ፣ ማን ምግብ እንደሚሰጠው፣ ልኩን ራሱ እንደመረጠ። "አናጢ ነሽ ወይስ ፖሊስ?" ያለኝ አለ። ሥራ ቀርቶብኛል። እናንተም የሚያምር ስጦታ ስታዩ፣ ከማድነቃችሁ በፊት ተቀባዩ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ይህ ክፉ መሆን አይደለም። እኔ የዚያን ዕለት የታዘብኩት፣ ሰው የሚጸየፈውን ሰው በአደባባይ ማቀፍ እንደሚችል ነው፤ ፊቱ ሳይጨማደድ፣ ሁለቴ ተደግሞ።

በቅርቡ ጫንጮ ሄጄ አዴ ጌጤን ጠየቅኋቸው። ቁስላቸው ደርቋል፣ በምርኩዝ ወጣ ገባ ይላሉ። ሳጥኑ አልጋቸው ራስጌ ነው። የኦቦ ቱፋ ልጆች ስለ ቪዲዮው ነግረዋቸው ኖሮ "አሳዪኝ" አሉኝ። አልፈለግሁም። ደጋግመው ሲለምኑኝ ከፈትኩላቸው። አተኩረው አዩ። ልጃቸው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሲስም ስልኩን በእጃቸው ያዙት።

"እዚያ ጋ መልሺልኝ" አሉ።

መለስኩላቸው።

"አዴ፣ ውሸት እኮ ነው። አንቱም አብረው ነበሩ።"

"አውቃለሁ። ከሠርጉ ወዲህ እጁ ነክቶኝ አያውቅም ነበር" አሉ። "መልሺልኝ።"

እኔ እስከ ዛሬ ያንን ሰው እጸየፈዋለሁ። እዚያ ተቀምጬ ግን፣ እሳቸው በቃኝ እስኪሉ ድረስ እየመለስኩ አሳየኋቸው።